የማር ቅሉን የከደንኩበት ወረቀት

ልጄ ማልቀስ ያቆመችው በተወለደች በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ደስ አለኝ። ጨዋ ልጅ ወለድኩ ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። «የሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል፤ የእኔዋን ግን እዩልኝ» አልኩ። ያን ቀን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ጨዋነት አልነበረም። ልጅቷ የምታለቅስበት አቅም አጥታ ነው።

ይህን የምጽፈው ሚስቱ ላረገዘች ወይም ቤቱ አራስ ላለችበት አባት ነው። እናቶችም ቢያነቡት አልከፋም፤ ግን እናቶችን የሚመክር ሞልቷል፤ ያላዋለደም ያልወለደም ይመክራቸዋል። አባትን የሚመክር የለም። ቢመክሩትም አይሰማም። እኔ አልሰማሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ እንደ ንግግሬ ነው። ንግግሬ ይኮሰኩሳል ይላሉ፤ ይበሉ።

ቤቴ ማንኪራ ነው። የጫካ ቡና እለቅማለሁ፣ ቀፎ እሰቅላለሁ። ሚስቴ አስናቀች ከዚህች ልጅ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ምንም አላልኳትም፤ ዝም ማለቴን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር። ሦስተኛዋ ስድስት ወር ስትሞላ ግን መሬት አልበቃኝ አለ። በመንገድ የማገኘውን ሁሉ፣ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር፣ «ሚስቴ እኮ ስድስት ወር ገባች» እለው ነበር።

በእኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። ሚስት መፀነሷ ሲታወቅ ባልየው ለሚወለደው ልጅ አዲስ ቀፎ ይሰቅላል። የዚያ ቀፎ ማር አይሸጥም፣ ለእንግዳ አይቀርብም። ልጁ ሲወለድ አባት በጣቱ ያቀምሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውሃ እየተበጠበጠ ይሰጠዋል። አባቴ ለእኔ እንዲህ አደረገ፤ እኔም ይኸው ዛፍ ላይ ወጥቼ የምወርድ ሰው ሆንኩ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ማስረጃ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

አንድ ሰው ግን ነበረች። ትዕግስት ትባላለች፤ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። አስናቀችን ልትጎበኝ መጥታ የብረት ክኒን ሰጠቻት፤ ለእኔ ደግሞ አንድ ወፍራም የሚያብለጨልጭ ወረቀት አቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ግድግዳ ላይ ይለጥፏት። የሚያነብልዎት ሰው አይጠፋም።»

«ወረቀት ልጅ ያጠባል?» አልኳት።

«አያጠባም። እርስዎም አያጠቡም። የምታጠባው እትዬ አስናቀች ናት፤ እርስዎ እንዳይከለክሏት ነው የምሰጥዎት።»

ይህች ምን ታውቃለች አልኩ በሆዴ። ክኒኑንም ጎረቤቶች ልጁን ያገዝፍና ምጥ ያከብዳል ስላሉ አስናቀችን ተይው አልኳት። ተወችው። ወረቀቱን ደግሞ ለሌላ ሥራ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት የልጄን ማር ቆርጬ አውርጄ ነበር፤ እንደ ወተት የነጣ፣ እንከን የሌለው ማር። ቅል ሞላሁት። ክዳን ሲጠፋ ያንን ወረቀት አራት አጥፌ አፉ ላይ አድርጌ በገመድ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ጉንዳን አላስገባም።

ልጅቷ ወር ያህል ቀድማ መጣች። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ በር አያስከፍትም። እቤት ተወለደች። ትንሽ ነበረች፤ ከክርኔ እስከ መዳፌ ታልቅ ነበር። ገመዱን ፈትቼ ወረቀቱን አነሳሁና ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ አፏ ውስጥ ከተትኩት። ላሰችው። አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

የአስናቀች ጡት በዚያው ቀን ቢጫና ወፍራም ነገር ማውጣት ጀመረ። እንደ ላም እንገር ነው። የታመመ ወተት ነው፣ ይታለብና ይደፋ፣ ጥሩው እስኪመጣ ልጅቷ ማር በውሃና ለጋ ቅቤ ትቅመስ አልን። «አልን» እያልኩ ሌላ ሰው መጨመሬ ነው። ያልኩት እኔ ነኝ። አስናቀች በሁለተኛው ቀን፣ «ጡቴ ሊፈነዳ ነው፣ ልሞክራት እስቲ» ብላኝ ነበር።

«መጀመሪያ ይጥራ» አልኳት።

አመድ ላይ አለበችው።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት እግሯን ነካሁት። ቀዝቅዟል። ዓይኗን ገለጥኩት። ነጩ ቢጫ ሆኗል። የተጠቀለለችበት ጨርቅ ደረቅ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አልሸናችም። ማር በጣቴ አቀረብኩላት። አፏን አልከፈተችም።

አስናቀች ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ግራ ጡቷ ቀልቶ ድንጋይ ሆኗል። ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል።

ትዕግስት አራስ ልትጠይቅ የደረሰችው ያኔ ነው። ጃንጥላዋን አላጠፈችም። ልጅቷን በእጇ ጀርባ ነካቻት።

«ጋሼ፣ ይህ እንቅልፍ አይደለም። ሸሚዝዎን ይክፈቱ!»

ልጅቷን ከጨርቁ አውጥታ እርቃኗን ደረቴ ላይ ለጠፈቻትና በላይዋ ጋቢ ጠመጠመችብኝ። አራት ጎረቤቶች አስናቀችን በቃሬዛ አነሷት። ወደ ቦንጋ ከተማ ወረድን። ጭቃው ጉልበት ይውጣል። እኔ መንገዱን አላየሁም። ልጅቷ ስትተነፍስ ደረቴን ትኮረኩረኝ ነበር። እሱን ብቻ ነበር የምከታተለው። ሲዘገይ እቆማለሁ። ሲመለስ እራመዳለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተር ሙሉ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። የሙቀት መለኪያው ሠላሳ አምስት አለ። ሚዛኑ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም አለ። ቁጥር አውቃለሁ፤ ቡና የሚሸጥ ሰው ቁጥር ካላወቀ አለቀለት። ያልነበረኝ ፊደል ነው። ከተረከዟ ደም ቆንጥረው ስኳሯን ለኩ፤ በጣም ወርዷል። ግሉኮስ ተሰቀለላት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገባ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ከተወለደች ምን ምን ሰጣችኋት?»

«ማር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ባለቀሰች ቁጥር።»

ጻፈ።

«ጡትስ?»

«ገና አልጠራም ብለን ደፋነው።»

አሁንም ጻፈ። «በእርግዝናው ጊዜ የሰጧችሁ የምክር ወረቀት አልነበረም?»

«ነበረ።»

«የት ነው ያለው?»

«የማሩ ቅል ላይ» አልኩት። «ክዳን አድርጌው።»

ሲስተር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲርገበገብ ሳቀች ወይስ አለቀሰች አልለየሁም። ኋላ ስጠይቃት፣ «ሁለቱም ነበር ጋሼ» አለችኝ።

ዶክተሩ የነገረኝን እንደነገረኝ ላስቀምጠው። የልጅቷ ሆድ በዚህ ዕድሜ ከዶሮ እንቁላል ያነሰ ነው፤ በማር ውሃ ሲሞላ የሚራብ ቦታ አይተርፈውም። ልጅ ካልራበ አይጠባም፤ ካልጠባ ወተቱ አይመጣም፤ ያልወጣው ወተት ደግሞ እናቲቱን ማስታይተስ ያሲዛታል፣ የጡት ኢንፌክሽን ማለት ነው። ቢጫው እንገር ቆሻሻ ሳይሆን የመጀመሪያ ክትባቷ ነበር። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ አንጀቱ የማይችለው የጀርም ዘር ሊኖርበት ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም። «ልጅቷ ላይ ኢንፌክሽን ስለምንጠረጥር አንቲባዮቲክ ጀምረናል» አለ። «የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ይወስናሉ።»

ሁለት ቀን ቆየሁ። ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ቁጭ አልኩ። አልጋዋ ላይ የተለጠፈ ካርድ አለ። ምን ይላል አልኳት ሲስተሯን። «የአስናቀች ሕፃን» ይላል አለችኝ። የእኔ ስም አልነበረበትም። ልክ ናቸው አልኩ።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥራ የያዘችው አስናቀች ናት። ከነትኩሳቷ ተቀምጣ፣ በሞቀ ጨርቅ ጡቷን እየተኮሰች፣ ሲስተር ሙሉ እንዳሳየቻት በሁለት ጣት ከጡቷ ጥቁር ዙሪያ ወደ ኋላ እየተጫነች አለበችው። ያማታል። ከንፈሯን ትነክሳለች። መጀመሪያ የመጣው ማንኪያ አልሞላም። ገና ቢጫነት ነበረው። ሲስተሯ ማንኪያውን ለእኔ አሳይታ፣ «አመድ ያጠጣችሁት ይሄን ነው» አለች። ማንኪያውን በሁለት እጄ ያዝኩላት።

በሦስተኛው ቀን የሙቀት መለኪያው ሠላሳ ስድስት ከግማሽ አለ! ጨርቁ ረጠበ! ሽንት አይቼ እልል ልል የተቃረብኩት ያን ቀን ነው። ዶክተሩ መጥቶ አያትና ግሉኮሱን ቀስ በቀስ እናወርዳለን አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ሙቀት ነው የሚያስፈልጋት። እናቷ ትኩሳት ላይ ናት። አባትየው ደረት የለውም?» አለኝ።

ካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። ካንጋሮ ልጇን ሆዷ ላይ በከረጢት የምትይዝ የሩቅ አገር እንስሳ ናት አሉ። ልጅቷን ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርገው ደረቴ ላይ እንደ እንቁራሪት ዘርግተው ያስተኙልኛል፤ በነጠላ ይጠመጥሙናል፤ እኔ ትራስ ተደግፌ ከፊል ተቀምጬ ከፊል ተኝቼ እውላለሁ። ክፍሉ ሙሉ ሴት ነው። ከዋጫ የመጡ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ፣ የልጃቸውን መንታዎች የሚያስታምሙ ሴትዮ ትይዩ አልጋ ላይ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን እንዳዩኝ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ወይ ጋሼ! ወተቱ መቼ ነው የሚወርደው?»

«የእርስዎ አማች ደረትስ ዛሬ የት ዋለ?» አልኳቸው።

«ዋጫ ገበያ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ በሳቁ ደንግጣ እጇን ደረቴ ላይ ዘረጋችና ፀጉሬን ጨብጣ አለቀሰች። አለቀሰች! ጮክ ብላ፣ ቁጣ ባለው ድምፅ፣ ልክ እንደ እኔ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቃቸውን አቋርጠው አዳመጧት። በሳምንቱ የእትዬ ብዙነሽ አማች ከዋጫ ተጠርቶ መጥቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሚዛኑ ጀመረ። በየጠዋቱ ትመዘናለች፤ በየጠዋቱ እኔ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ይዛ ገብታ መጀመሪያ ወርዳ ነበር፤ ስምንት መቶ አሥር። በማግስቱም ያው አሥር። በሚቀጥለው ጠዋት ቁጥሩ ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ስምንት መቶ ሃያ አምስት። ኮሪደሩን በጩኸት አናወጥኩት።

«ጋሼ፣ ሆስፒታል ነው እኮ፤ የቡና ገበያ አይደለም!» አለች ሲስተር ሙሉ።

«አሥራ አምስት ግራም!» አልኳት። «አሥራ አምስት ግራም እኮ ነው!»

ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስመዝን አሥራ አምስት ግራም ከጣቶቼ መሃል ሲያመልጥ ጎንበስ ብዬ አላነሳሁም፤ ያን ቀን ግን በር ላይ ላገኘሁት ዘበኛ ሳይቀር ነገርኩት፣ እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው እንኳን ደስ አለህ አለኝ፣ እኔም አቀፍኩት።

የታለበውን ወተት በቱቦ፣ ኋላም በትንሽ ስኒ ከንፈሯ ላይ እያስነካን እንደ ድመት እንድትልሰው እያደረግን ሰጠናት። ጡጦ አይሆንም አሉ፤ ለማጠብ ያስቸግራል፣ ጡትም ያስረሳታል። የአስናቀች ትኩሳት ለቀቃት፤ ጡቷም እየላላ መጣ። እየታከመች ከታመመው ጡት ማለብ እንዳታቆም አስጠንቅቀዋት ነበርና አላቆመችም፤ ቢቆም ይብስ ነበር አሉ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ለትንሽ ጊዜ አባርቶ ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ ልጅቷ ደረቴ ላይ እንደተኛች በድንገት ራሷን አነሳች። አፏን ከፈተች። ግራ ሄደች፣ ቀኝ ሄደች፣ ግንባሯን ደረቴ ላይ እየጋጨች እየተሳበች ወረደችና የእኔን የደረቀ የጡት ጫፍ አገኘችው። ያዘችው!

«ሲስተር! ኧረ ሲስተር! ምን ሆና ነው?»

ሲስተር ሙሉ ሮጣ መጥታ አየችና እጇን አጨበጨበች። «የእርስዎን አይደለም ጋሼ የምትፈልገው! ለእናቷ ይስጧት፤ ቶሎ፣ ሳይበርድላት!»

ነጠላውን ስንፈታ ቋጠሮው እምቢ አለኝ፤ እትዬ ብዙነሽ ከአልጋቸው ተነስተው በጥርሳቸው ፈቱልኝ። አስናቀች ተቀበለቻት። ሲስተሯ እንዳስተማረቻት ሆዷን ከሆዷ አገናኝታ፣ አፏ በደንብ እስኪከፈት ጠብቃ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም አጎረሰቻት። ልጅቷ ያዘች፣ ለቀቀች፣ ያዘች፣ ከዚያ ጉንጯ ተሞልቶ አገጯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ ስትውጥ ሰማኋት፤ ቁርጥ፣ ቁርጥ የሚል ትንሽ ድምፅ ነው፤ ንብ ሲተም ሰምቻለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። አስናቀች ቀና ብላ አየችኝ። «ነግሬህ ነበር» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። እስካሁንም አላለችም። እኔ ብሆን በየቀኑ እል ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን በሁለት ሺህ አንድ መቶ ግራም ወጣን። ሲስተር ሙሉ ቢያንስ አሥራ ሁለት ጊዜ በቀን ትጥባ፣ ተኝታም ከሆነ ቀስቅሷት አለች። በምን ልቁጠረው? አሥራ ሁለት የቡና ፍሬ አንድ ስኒ ውስጥ አደረግኩ፤ በጠባች ቁጥር አንዱን ወደ ሌላው ስኒ አሻግራለሁ። ፍሬ ከቀረኝ አስናቀችን እቀሰቅሳለሁ፤ እሷም እየሰደበችኝ ትነሳለች። ምግቧን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ከወትሮው በላይ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ። የምታጠባ ሴት የቤቱ ሁሉ ሠራተኛ ሆና ወተት ከየት ታምጣ?

ወረቀቱን ከቅሉ ላይ አንስቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ማር ጠጥቶ ስለነበር ራሱ ተጣበቀ። በጥቅምት ቀበሌያችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ተመዘገብኩ። ሰው ለደብዳቤ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ብሎ ይማራል፤ እኔ የተማርኩት ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈው ምን እንደሚል ለማወቅ ነው። ልጅቷ ጥርስ ባወጣች ጊዜ የመጀመሪያውን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ለአስናቀች አነበብኩላት፦ «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ውሃም ቢሆን አይስጡ።» አንዲት መስመር ናት። ልጄን ልታስከፍለኝ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሚስትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች የብረት ክኒኗን ጎረቤት አያስጥላት፤ አንተም አታስጥላት። ክትትሏን አታቋርጥ፤ ጤና ተቋም ትውለድ። ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምራ ትብላ፤ ካንተ ሳህን ቢሆንም። ልጁ እንደተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፤ ቢጫው ይጠጣ እንጂ አይደፋ። ቅቤ፣ ውሃ፣ ስኳር፣ ማር፣ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ጣት፣ አንዱም አፉ አይግባ። ስድስት ወር ሲሞላ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀምር፤ ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ልጅ ዝም ሲል አትኩራ። ከቀዘቀዘ፣ ቢጫ ከሆነ፣ ካልጠባ፣ ካልሸና አትጠብቅ፤ ሸሚዝህን ክፈትና ደረትህ ላይ አድርገህ ሩጥ። ይኮሰኩሳል ያልከው ቃሌ ይኮስኩስህ፤ እንዲያስታውስህ ነው።

ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ለገባችው ትዕግስት፣ ለሲስተር ሙሉ፣ ድምፁን ከፍ ላላደረገው ዶክተር፣ ቋጠሮዬን በጥርሳቸው ለፈቱት እትዬ ብዙነሽ፣ ጭቃ ውስጥ ለተሸከሙልኝ አራት ጎረቤቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስናቀችን በወረቀት አላመሰግናትም፤ በአፌ ነግሬያታለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ዘንድሮ አስናቀች እንደገና ፀንሳለች። ልጃችን አሁን ዛፍ ሥር ቆማ «አባዬ እንዳትወድቅ!» ትለኛለች። ልማዱን አልተውኩም፤ አዲስ ቀፎ ሰቅያለሁ። ማሩ ግን የአስናቀች ነው፤ ስትወልድ ገንፎዋ ላይ አፈስላታለሁ፣ ልጁም ድርሻውን በጡቷ ይወስዳል። የክኒኗን ነገር በቡና ፍሬ እቆጣጠራለሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው። ቅሉን የከደንኩት በእንሰት ቅጠል ነው።